የኪራይ ዕቃ ቤት፦ ቁልፉ በተከራዩ ኪስ የሚያድር መጋዘን

«ሰልፍ ስቶሬጅ» የሚለውን ቃል አሜሪካ ዘመድ ያለው ሰው ሳይሰማው አይቀርም። አገር ቤት ከረም ብለው ሊሄዱ የሚመጡት «ዕቃዬን ስቶሬጅ አስገብቼ ነው የመጣሁት» ይላሉ። ሰሚው መርካቶ ወይም ቃሊቲ እንደሚያየው ዓይነት መጋዘን ይመስለውና ያልፈዋል። ነገሩ ግን ከመጋዘን በአንድ ትልቅ ጉዳይ ይለያል፤ ቁልፉ የሚያድረው በባለመጋዘኑ ሳይሆን በተከራዩ ኪስ ነው። በአማርኛ «የኪራይ ዕቃ ቤት» ብንለው ይሻላል ባይ ነኝ። ለምን እንዲህ እንዳልኩ ቆየት ብዬ እመለስበታለሁ።

አሠራሩ ቀላል ነው። ረጅም ሕንፃ ይሠራና ጎን ለጎን በተጣበቁ ክፍሎች ይከፋፈላል፤ እያንዳንዱ ክፍል እንደ ሱቅ ወደ ላይ የሚጠቀለል የቆርቆሮ በር አለው። ትንሿ ክፍል ቁም ሣጥን ታህላለች፤ ትልቋ መኪና ታስገባለች። ኪራዩ የወር ነው። ተከራዩ የራሱን ቁልፍ ገዝቶ ይመጣል፣ ዕቃውን ራሱ ይደረድራል፣ ራሱ ቆልፎ ይሄዳል። አከራዩ አጥሩን፣ መብራቱንና ጣሪያውን ይጠብቃል እንጂ ዕቃ አይቆጥርም፤ ደረሰኝ ላይም «አንድ ፍሪጅ፣ ሁለት አልጋ» ብሎ አይጽፍም።

ሥራው በዛሬ መልኩ የተጀመረው በ1964 እ.ኤ.አ. በቴክሳስ የነዳጅ ከተማ በኦዴሳ ነው ይባላል። የጀመረው ረስ ዊሊያምስ የተባለ፣ ዓሣ ማጥመድ የሚወድ ሰው ነበር፤ ጀልባውንና የሥራ ዕቃውን የሚያስቀምጥበት ቦታ ማጣቱ ነው ሐሳቡን ያመጣለት። ለድርጅቱ ያወጣለት ስም ወደ አማርኛ ሲመለስ «አንተው አስቀምጥ፣ አንተው ቆልፍ፣ ቁልፉንም አንተው ያዝ» የሚል ነው። ለድርጅት ስም ረዘም ይላል፤ ለውል ግን ከዚህ የጠራ አንቀጽ አይገኝም። በ1972 እ.ኤ.አ. ካሊፎርኒያ ውስጥ ፐብሊክ ስቶሬጅ የተባለው ኩባንያ ተመሠረተና ሥራው አገር አዳረሰ፤ ዛሬ በአሜሪካ እንዲህ ያሉ ቦታዎች ከሃምሳ ሺህ በላይ ናቸው።

ጀልባው ከዚያ ወዲህም ደንበኛ ሆኖ ቀጥሏል። ሚኒሶታ ውስጥ ሐይቁ በክረምት በረዶ ይሆናል፤ የጀልባው ሞተር ውስጥ የቀረ ውኃም በረዶ ሆኖ ሲያብጥ ብረቱን ይሰነጥቀዋል። ስለዚህ ውኃው ተንጠፍጥፎ፣ ባትሪው ተነቅሎ ጣሪያ ሥር ይገባል። አርቪ የሚሉት፣ አልጋውን፣ ኩሽናውንና ሽንት ቤቱን ተሸክሞ የሚጓዘው ቤት-መኪናም እንደዚሁ ነው። በዚያ ላይ ብዙ የአሜሪካ ሰፈሮች እንዲህ ያለ ግዙፍ ነገር ደጅ ላይ እንዳይቆም የሚከለክል ደንብ አላቸው። መኪናው የሚገባበት ጋራዥ ደግሞ ቀድሞውኑ በዕቃ ተሞልቷል። ጀልባው ወጥቶ ጣሪያ ሥር ሲከራይለት ቤቱ ይተነፍሳል።

ወደ አገር ቤት ስንመለስ፣ በአዲስ አበባው የአቃቂ ቃሊቲ ክፍለ ከተማ ጀልባ የለም። ጀልባ ባለበት በጣናም ቢሆን ባለ ታንኳው ማቆያ አይከራይም፤ ታንኳው ከደንገል የተሠራ ስለሆነ ውኃ ይጠጣል፣ ከሥራ በኋላም ዳር ወጥቶ ፀሐይ ካልመታው ቶሎ ይበሰብሳል። የእኛ ከተማ ችግር ጀልባ ሳይሆን ቡፌ፣ የብረት አልጋ፣ በርሜልና ድንጋይ ላይ የተሰቀለች መኪና ነው።

ክፍለ ከተማው ራሱ የአዲስ አበባ ዕቃ የሚያድርበት ሰፈር ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። ከጅቡቲ የመጣው የምድር ባቡር በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ የገባው በአቃቂ በኩል ነው። የአቃቂ ጨርቃ ጨርቅ፣ የቃሊቲ ብረታ ብረት፣ የቃሊቲ ጉምሩክ፣ ከቱሉ ዲምቱ የሚነሣው የአዳማ የፍጥነት መንገድ፣ እንዶዴ ላይ ያለው የአዲሱ ባቡር የጭነት ጣቢያ፤ ይህ ሁሉ መጋዘን ይጠራል፣ መጋዘኑም ሞልቷል። ግን የተሠራው ለነጋዴ ነው። ባለመጋዘኑ የሚፈልገው ሙሉውን ይዞ የዓመት የሚከፍልለትን አስመጪ ነው፤ አንድ ሶፋና አንድ ቁም ሣጥን ይዞ የመጣን ሰው ደላላውም በደንብ አያነጋግረውም። የብረት ጥቅል በሺህ ኩንታል የሚያድርበት ሰፈር ውስጥ አንድ አልጋ የሚያድርበት ቦታ ይቸግራል።

አልጋው ታዲያ የት ነው ያለው? ደረጃ ላይ ነው። በቱሉ ዲምቱ፣ በገላንና በቂሊንጦ ኮንዶሚኒየሞች ደረጃ የወጣ ሰው ያውቀዋል። በሦስተኛው ፎቅ መታጠፊያ ላይ የተፈታ የብረት አልጋ ግድግዳ ተደግፎ ይቆማል፤ ብሎኖቹ እንዳይጠፉ በፌስታል ተቋጥረው ከራስጌው ብረት ጋር ታስረዋል። አጠገቡ ሰማያዊ የውኃ በርሜል፣ በርሜሉ ላይ ከሰል የተሞላ ማዳበሪያ፣ ከሰሉ ላይ ትንሹ ልጅ ያደገበት ጋሪ። ስቱዲዮና ባለ አንድ መኝታ ቤት ሲሠራ ለዕቃ ቤት የታሰበ ቦታ የለም። በረንዳው በላስቲክ ተከልሎ ስቶር ይሆናል፤ ቀጥሎ ደረጃው፣ ከዚያም ከደረጃው ሥር ያለው ጨለማ ጥግ። በ2017 ዓ.ም. መጀመሪያ ከካዛንቺስ ተነሥተው ወደ ገላን ጉራ ከሄዱት ቤተሰቦች መካከል በግቢ ይኖር የነበረ ሰው ጋኑንና ቡፌውን የት እንደሚያደርግ ቢጨነቅ አይፈረድበትም። በግቢ ቤት የዕቃ ቤት ሥራ የሚሠራው ግቢው ነውና።

ነገሩ የመልክ ብቻ አይደለም። የጋራ ሕንፃ ባለቤትነት አዋጅ ቁጥር 370/1995 እንደሚለው ደረጃው፣ ኮሪደሩና ግቢው የሁሉም ቤት ባለቤቶች የጋራ ንብረት ነው። ሌሊት እሳት ቢነሣ ወይም በሽተኛ በቃሬዛ ቢወርድ ያ አልጋ ከጌጥ ያለፈ ጣጣ ያመጣል። የሕንፃው ኮሚቴ በየስብሰባው «ዕቃችሁን አንሡ» ይላል፤ ነዋሪው «ወዴት?» ይላል። የነዋሪው ጥያቄ ትክክል ነው፤ እስከ ዛሬ መልስ የሰጠው ግን አላየሁም።

እውነቱን ለመናገር ከቤት ውጭ ዕቃ ማኖር ለእኛ እንግዳ አይደለም። ዕድር ይህን ሲያደርግ ኖሯል። ድንኳኑ፣ አግዳሚ ወንበሩ፣ ብረት ድስቱ፣ በመቶ የሚቆጠረው ሳህንና ብርጭቆ በየአባሉ ቤት ቢቀመጥ ኖሮ መተላለፊያ አይገኝም ነበር። ዕድሩ አንድ ዕቃ ቤት ሠርቶ፣ ንብረት ያዥ መርጦ፣ በመዝገብ እያወጣና እያስገባ አባላቱን ከዚህ ሸክም ገላግሏቸዋል። ልዩነቱ ዕቃው የጋራ መሆኑ ነው። የአንዱን አባል ሶፋ አስቀምጡልኝ ቢባል ንብረት ያዡ እሺ አይልም፤ ልክም ነው።

ሌላው ዘዴ ዘመድ ነው። ውጭ የሚሄድ ሰው ፍሪጁንና ቴሌቪዥኑን እህቱ ቤት ትቶ ይሄዳል፤ ሲመለስ ፍሪጁ የእህቱ ሆኗል። እሷም አልሰረቀችም፤ ሁለት ዓመት ሙሉ ቦታዋን ይዞባት፣ ቆይቶም ሥራ ላይ ብታውለው ማን ሊፈርድባት ነው? ቅያሜው ግን አይቀርም። ሰርቪስ ክፍል ተከራይቶ ዕቃ የሚያከማች ሰውም አለ። ነገር ግን ሰርቪስ ቤት ለሰው ማደሪያ የሚፈለግ ስለሆነ ኪራዩ በሰው ልክ ነው፤ አከራዩም «ሰው የማይኖርበት ቤት ምን ይዟል?» ብሎ ይጠረጥራል።

መኪናውም የራሱ ታሪክ አለው። በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከተከለከለ ወዲህ አሮጌ መኪና በቀላሉ የሚለቀቅ ነገር አልሆነም። ባለቤቱ ውጭ ነው፣ ወይም ለነዳጅና ለመለዋወጫ ገንዘብ እስኪያገኝ ያቆማታል። ላዳዋ ወይም ቪትዟ ግቢው ውስጥ ድንጋይ ላይ ተሰቅላ፣ ላስቲክ ለብሳ ትከርማለች። ላስቲኩ ዝናቡን ይከለክላል፤ ግን ከሥር የሚነሣውን እርጥበትም አፍኖ ያስቀራል፤ ክረምቱ ሲወጣ መቀመጫው ሻግቶ ይገኛል። ከላስቲክ ይልቅ አየር የሚያሳልፍ ሸራ ይሻላል። ባትሪው ካልተነቀለ ይሞታል፤ ጎማው ሳይነሣ አንድ ቦታ ከከረመ ከሥር ጠፍጣፋ ይሆናል፤ ሞተር ቤት የገባች አይጥ ደግሞ የሽቦ ልባስ ትወዳለች። ጣሪያ ሥር ማቆም ፀሐይንና ዝናብን ይፈታል እንጂ አይጧን አያባርርም።

ወደ ቃሉ ልመለስ። «ራስ ማከማቻ» የሚል ትርጉም ሰምቻለሁ፤ ጭንቅላት የሚቀመጥበት ቦታ ይመስላል። «የግል መጋዘን» ደግሞ ባለቤትነት ያለው ያስመስላል። ለመኪናው «ማቆያ» ቢባል ቃሉ ባልከፋ ነበር፤ ቃሊቲ ላይ ቆሞ «ማቆያ ገባ» ማለት ግን ወሬ ያስነሣል። የመኪናውን ዓይነት «ባለጣሪያ የመኪና ማሳደሪያ» ማለት ይበቃል፤ ሹፌሮች ማሳደሪያ የሚለውን ድሮም ያውቁታል። ለዕቃው «የኪራይ ዕቃ ቤት» ያልኩበት ምክንያት ግን የጆሮ ምርጫ ብቻ አይደለም፤ የሕግም ነው።

የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕጋችን ስለ አደራ ከቁጥር 2779 ጀምሮ፣ ስለ መጋዘን አስቀማጭ ደግሞ ከቁጥር 2806 ጀምሮ ይደነግጋል። አደራ ተቀባይ ዕቃውን ተረክቦ የመጠበቅና የመመለስ ግዴታ አለበት፤ ዕቃው በእጁ ነውና ጠፋ ሲባል መልስ የሚጠየቀው እሱ ነው። ኪራይ ግን ሌላ ነው፤ አከራይ የሚሰጠው ቦታ ነው፣ ውስጡ የገባውን ዕቃ አልተረከበም። ስለዚህ ቁልፉ በማን እጅ እንደሆነ ሲወሰን፣ ዕቃ ሲጠፋ ማን በር ላይ እንደሚኬድም አብሮ ይወሰናል። ቁልፉን እኔ ይዤ «አደራዬን አጠፋህብኝ» ብል የሚሰማኝ አላገኝም። አከራዩ ቁልፉን ይዞ «እኔ ያከራየሁት ቦታ ብቻ ነው» ቢልም አያምርበትም። ሁለቱን አደባልቆ አንድ ወረቀት ላይ የሚያስፈርም ሰው ካጋጠመ፣ ጠብ ገና ዕቃው ሳይገባ ተጀምሯል።

ሥራውን አቃቂ ቃሊቲ ላይ ለመጀመር ለሚያስብ ሰው ትልቁ ወጪ ግድግዳ ሳይሆን ወለል ይመስለኛል። የአካባቢው አፈር በአብዛኛው መረሬ ነው፤ በክረምት ያብጣል፣ በበጋ ይሰነጠቃል፣ በላዩ የተነጠፈውንም ስስ ኮንክሪት ይዞት ይሰነጠቃል። የአቃቂ ወንዝ በክረምት የሚሞላበት ሰፈርም አለ። ስለዚህ ወለሉ ከፍ ብሎ መሠራት፣ ዕቃውም ከመሬት ተነሥቶ በእንጨት እርብራብ ላይ መቀመጥ አለበት። በርካሽ ለመጀመር ኮንቴይነር ይታሰባል፤ ባለ ሃያ ጫማው ስድስት ሜትር ያህል ይረዝማል፣ የአንድ ኮንዶሚኒየም ቤት ሙሉ ዕቃ ይይዛል፣ ለሌባም አስቸጋሪ ነው። ግን ቀን በፀሐይ ይግላል፣ ሌሊት ይቀዘቅዛል፣ ጣሪያውም ከውስጥ ያልብና ጠብ ጠብ ይላል። የአየር ቀዳዳ ካልተበጀለት ፍራሽና መጽሐፍ አያስገቡበትም።

ለተከራይም አንድ ነገር ልናገር። ከሁለት ወር ኪራይ በላይ የማያወጣን አሮጌ ሶፋ ዓመት ሙሉ ከፍሎ ማኖር ኪሳራ ነው፤ ሽጠው ወይም ስጠው። አሜሪካኖቹ ራሳቸው በዚህ ይታማሉ፤ ኪራዩ ሳይከፈል ሲቀር አከራዩ ክፍሉ ውስጥ ያለውን ዕቃ በጨረታ ይሸጠዋል፣ ጨረታውም የቴሌቪዥን ትርኢት እስከ መሆን ደርሷል። የኪራይ ዕቃ ቤት የሚያዋጣው መመለሻው ለሚታወቅ ዕቃ ነው፦ ቤት እስኪታደስ፣ ከውጭ እስኪመለሱ፣ ልጁ ጎጆ እስኪወጣ፣ መኪናዋ እስክትጠገን።

ዕቃህን ሰው ጋ ወይም ድርጅት ጋ ከማስገባትህ በፊት ወረቀት ይኑር። ወረቀቱ ላይ ቁልፉን ማን እንደሚይዝ፣ ኪራይ ሲዘገይ ስንት ቀን እንደሚታገሥህና ከዚያ በኋላ ዕቃህ ምን እንደሚሆን በግልጽ ይጻፍ፤ የዕቃህንም ፎቶ አንሣና ያዝ። ይህን ለመጻፍ እምቢ ያለ አከራይ ጋ አታስገባ።