ማታ ‘ተቀበል!’፣ ጠዋት ስድብ

ጎንደር ላይ ማታ አዝማሪ ቤት ገብተን ‘ተቀበል!’ እያልን ግጥም እናቀብላለን፤ ግንባሩ ላይ ብር እንለጥፋለን። ሲነጋ ደግሞ አለቃውን የሚያሞካሽ ባልደረባችንን ‘አዝማሪ!’ ብለን እንሰድባለን። እስቲ ይህን ስድባችንን እንመርምረው።

ቃሉ ‘ዘመረ’ ከሚለው የግዕዝ ግስ የወጣ ነው፤ የ‘መዝሙር’ ወንድም ማለት ነው። መሣሪያውም ቀላል ነው፦ ቆዳ የተወጠረበት ባለ አራት ማዕዘን ሳጥን፣ ከፈረስ ጭራ የተሠራ አንድ ክር፣ ደጋን የመሰለ መምቻ። የጃፓኖቹ ሻሚሰን እንኳ ሦስት ክር አለው። ማሲንቆ ግን በአንዷ ክር ከቤተ መንግሥት እስከ ጠላ ቤት አወድሷል፤ በሰምና ወርቅም ሸንቁጧል።

ፋሺስት ጣሊያን በ1928 ዓ.ም. አገራችንን ሲይዝ፣ አርበኛውን በዘፈን ያጀገኑ አዝማሪዎችን ረሽኗል። ጠላት የፈራውን ሙያ እኛ ናቅነው!

ጎንደር አቅራቢያ ባለችው የአዝማሪዎች መንደር በቡርቧክስ ሙያው ከአባት ወደ ልጅ በጆሮ ይወረሳል። ልጁ በአባቱ ስም ካፈረ ግን ማን ይወርሰዋል? ብር መለጠፍ ብቻውን አክብሮት አይሆንም። ቢያንስ ስሙን ከስድባችን እናውጣው።