የካቦው ጆንያ፦ ፍትሐዊ ደመወዝ በምን ይለካል?

ባለፈው ሰሞን አንድ ጓደኛችን ሁለት የቅጥር ደብዳቤ ይዞ ወደምንሰበሰብበት ካፌ መጣ። የተመረቀው በኮተም ነው፤ ለማያውቁት ኮንስትራክሽን ቴክኖሎጂና ማኔጅመንት ማለት ነው። ሦስት ዓመት በሳይት ኢንጂነርነት አቧራ ሲጠጣ ከርሟል። የመጀመሪያው ደብዳቤ «ፕሮጀክት ማኔጀር» ይለዋል፤ ቁጥሩም ወፈር ያለ ነው። ሁለተኛው «ሲኒየር ሳይት ኢንጂነር» ይለዋል፤ ቁጥሩ አነስ ይላል፤ ግን ሳይቱ ላይ መኖሪያ፣ ቅዳሜ ወደ ከተማ የሚመልስ ሰርቪስና ሕክምና አለው።

ማኪያቷችን እስኪቀዘቅዝ ተከራከርን። ከመካከላችን አንዱ «ብር ብር ነው፤ ትልቁን ያዝ» አለ። ሌላዋ «ጥቅማጥቅሙን በብር መንዝሩትና አወዳድሩ» አለች። ሦስተኛው ግን ሁላችንንም ዝም የሚያሰኝ ጥያቄ ጣለ፦ ለመሆኑ ለአንድ የግንባታ ኃላፊ ፍትሐዊ ክፍያ የሚባለው ስንት ነው? ከማን ጋር ተወዳድሮ? በምን ተለክቶ?

መልስ ስናጣ እንደ ልማዳችን ወደ ታሪክ ሸሸን። ጥያቄው ለካ እኛ ካሰብነው በላይ አሮጌ ነው። ዕድሜው ከሦስት ሺህ ዓመት ይበልጣል።

በግብፅ፣ ዛሬ ሉክሶር ከምትባለው ከተማ ማዶ፣ ከአባይ በስተምዕራብ ዴር ኤል መዲና የሚባል የመንደር ፍርስራሽ አለ። በዚያ ይኖሩ የነበሩት የፈርዖኖችን መቃብር ከአለት እየፈለፈሉ የሚሠሩ ሙያተኞች ናቸው። ድንጋይ ጠራቢው፣ ሠዓሊው፣ አናጢው ሁሉ በአንድ ሰፈር ነበር። ሠራተኞቹ «ቀኝ» እና «ግራ» ተብለው በሁለት ቡድን ተከፍለዋል፤ እያንዳንዱ ቡድን የራሱ አለቃ አለው። በእኛ ሳይት ቋንቋ ካቦ ወይም ፎርማን እንበለው። ከሁለቱ አለቆች ጎን ደግሞ የቀረውንና የመጣውን፣ የወጣውንና የገባውን የሚመዘግብ ጸሐፊ አለ። አለቆቹና ጸሐፊው አንድ ላይ የዛሬውን የፕሮጀክት ጽሕፈት ቤት ሥራ ይሠሩ ነበር ብንል አላጋነንም።

ያን ጊዜ ሳንቲም ስላልነበረ ደመወዝ የሚከፈለው በእህል ነው። ተራው ሙያተኛ በወር 4 ጆንያ ስንዴና 1.5 ጆንያ ገብስ ያገኛል። ስንዴው ለዳቦ፣ ገብሱ ለጠላ መሆኑ ነው። አለቃው 5.5 ጆንያ ስንዴና 2 ጆንያ ገብስ ይሰፈርለታል። ጆንያ ያልነው የግብፆቹ መስፈሪያ 76 ሊትር ገደማ ይይዛል። ደምሩት፤ ሠራተኛው 5.5፣ አለቃው 7.5። የልዩነቱ መጠን 36 በመቶ ገደማ ነው። ጸሐፊውም እንደ አለቆቹ 7.5 ነበረው።

ጥቅማጥቅሙስ? መንግሥት ቤት ሰጥቷቸዋል። ዓሣ፣ አትክልት፣ ማገዶና የሸክላ ዕቃ ይቀርብላቸዋል። መንደሩ ውኃ ስለሌለው ውኃ የሚያመላልሱ ሰዎች ተመድበዋል፤ ልብስ አጣቢ ሳይቀር ነበራቸው። የሥራው ሳምንት አሥር ቀን ሆኖ የመጨረሻዎቹ ሁለት ቀናት ዕረፍት ናቸው። ዛሬ በብሪታንያ ሙዚየም ባለ አንድ የድንጋይ ስባሪ ላይ ከሥራ የቀሩ ሰዎች ስምና ምክንያት ተጽፎ ይነበባል፤ አንዱ ጊንጥ ነድፎት፣ አንዱ ዓይኑን ታሞ፣ አንዱ እናቱን ሊቀብር፣ አንዱ ጠላ ሊጠምቅ። ለጠላ ጠመቃ የሚቀር ሰው ፔሮል ላይ ያየ የእኛ አገር ኃላፊ ምን እንደሚል መገመት አያቅትም።

እዚህ ላይ ቆም ብለን ሁለት ነገር እናስተውል። አንደኛ፣ ደመወዙ በእህል ስለሆነ ገበያው ቢናር ጆንያው ያው ጆንያ ነው። የእኛ ደመወዝ በብር ነው። ብር በሐምሌ 2016 ዓ.ም. በገበያ ይወሰን ከተባለ በኋላ ዶላር ከ57 ብር ተነሥቶ በሳምንታት ውስጥ 100 ብር አልፏል። ስለዚህ «ዘንድሮ ጭማሪ አገኘሁ» የሚል ጓደኛ ሲገጥመን ጥያቄያችን አንድ ነው፦ የአምናው ደመወዝህ ስንት ኩንታል ጤፍ ይገዛ ነበር? የዘንድሮውስ? ሁለተኛ፣ የአለቃውንና የሠራተኛውን ልዩነት መንደሩ ሁሉ ያውቀዋል። እኛም ያወቅነው ጸሐፊዎቹ በስባሪ ድንጋይና በፓፒረስ ላይ መዝግበው ስለተዉልን ነው። ዛሬ አጠገባችን የተቀመጠው ባልደረባ ስንት እንደሚያገኝ መጠየቅ ነውር ሆኗል። ከማን ጋር እንደሚወዳደር ያላወቀ ሰው ደግሞ ፍትሐዊውን ካልሆነው የሚለይበት መንገድ የለውም።

ይህ ሁሉ ሲሰሙት ገነት ይመስላል። አልነበረም።

እህሉ የሚታደለው ወሩ ሳይገባ በፊት፣ በ28ኛው ቀን ነበር። በራምሴስ 3ኛ የንግሥና 29ኛ ዓመት፣ ማለትም ከክርስቶስ ልደት በፊት በ1157 ገደማ፣ እህሉ መዘግየት ጀመረ። ሠራተኞቹ 18 ቀን እንዳለፈና እንደራባቸው ተናግረው ሥራቸውን ጥለው ወጡ፤ ሄደውም ከአንድ ቤተ መቅደስ ጀርባ ተቀመጡ። በታሪክ በጽሑፍ ተመዝግቦ የምናገኘው የመጀመሪያው የሥራ ማቆም አድማ ይህ ነው። መዝገቡ ዛሬ በጣሊያን ቱሪን ከተማ ሙዚየም ይገኛል።

እኛን የያዘን ግን የአለቆቹ ነገር ነው። ተመለሱ እያሉ ሊለምኗቸውና ሊያስምሏቸው የወጡት እነማን ናቸው? ጸሐፊው፣ ሁለቱ አለቆችና ምክትሎቻቸው። የእነሱም ጆንያ የሚመጣው ከዚያው ከጎደለው ጎተራ ነው! በባዶ ሆዳቸው የተራበውን ሰው ሥራ ግባ ይላሉ። ክፍያ በዘገየበት ሳይት የቀን ሠራተኛ ፊት ቆሞ «ሰኞ ይከፈላል» ያለ ኢንጂነር ሁሉ ይህን ትዕይንት ያውቀዋል። ሰኞ እንደማይከፈል ልቡ እያወቀ፣ የራሱም ደመወዝ ሁለት ወር አልፎት።

ወራት አልፈው ችግሩ ሲደገም ሁለቱ ዓይነት ኃላፊዎች ተለይተው ወጡ። የተሰጠው እህል ከሚገባው በታች ነበር። ኮንሱ የሚባለው አለቃ ሠራተኞቹን የተሰጣችሁን ተቀበሉ፣ ከዚያ ወደ ወንዙ ወደብ ወርዳችሁ አቤቱታችሁን ለዋናው ሹም አሰሙ ብሎ መከራቸው። አሜናክት የተባለው ጸሐፊ ደግሞ መንገድ ላይ ደረሰባቸውና አሁን ሁለት ጆንያ ሰጥቻችኋለሁ፣ ከሄዳችሁ በየትኛውም ፍርድ ቤት አስፈርድባችኋለሁ ብሎ አስፈራራቸው። ደመወዛቸው እኩል 7.5 ነው። አንዱ ከተራበው ጋር ቆመ፣ ሌላው ከጎተራው ጋር። በዚህ መሐል መቆም የኃላፊነቱ ዋና ሥራ ነው፤ የ36 በመቶው ልዩነትም የሚከፈለው ለዚህ ጭምር ይመስለናል።

«ደመወዙ ትንሽ ቢሆን ምን አለበት? ሳይት ያበላል» የሚሉ አይጠፉም። ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል የሚለውን ተረት ወደ ሲሚንቶና ፌሮ አዙረውታል። ይህም አዲስ አይደለም። ከአድማው ጥቂት አሥርት ዓመታት ቀደም ብሎ በዚያው መንደር ፓኔብ የሚባል አለቃ ነበር። ሹመቱን በጉቦ እንዳገኘ፣ ሠራተኞቹን በሥራ ሰዓት ለራሱ መቃብር ድንጋይ እንዳስጠረበ፣ አንዱን ደግሞ በሬውን እንዳስቀለበ የሚዘረዝር የክስ ጽሑፍ ዛሬም አለ። ከሳሹ ሹመቱ ለእኔ ይገባ ነበር የሚል ሰው ስለሆነ ሁሉንም ቃሉን አንመን። ቢሆንም መንደሩ የአለቃን የተደበቀ ጥቅም እንደ በደል ይቆጥረው እንደነበር ያሳያል። የሚበላው ሳይት አይደለም፤ ከሠራተኛው ጉልበትና ከሕንፃው ጥንካሬ ነው የሚቀነሰው።

ከግብፅ ወደ አውሮፓ እንሻገር። በፍሎረንስ ከተማ የካቴድራሉን ጉልላት እንዲያሠሩ እ.ኤ.አ. በ1420 ከተሾሙት መካከል ብሩኔሌስኪና ጊቤርቲ ይገኙበታል። ሁለቱም በወር 3 ፍሎሪን ያገኙ ነበር። ሥራው እየገፋ ሲሄድ ግን ሸክሙን የተሸከመው ብሩኔሌስኪ መሆኑ ታየ። እ.ኤ.አ. በ1426 ደመወዙ በዓመት 100 ፍሎሪን ሆነ፤ ጊቤርቲ በቀን አንድ ሰዓት ሳይቱ ላይ እንዲገኝ ተደርጎ በወር 3 ፍሎሪኑ ቀረ። በዓመት 100 ለ36። አሠሪዎቹ ስድስት ዓመት ቢፈጅባቸውም ክፍያውን ከማዕረግ አላቀው ከሥራው ጋር አሰሩት።

ለንደን ግን ሌላ ነው። ክሪስቶፈር ሬን የቅዱስ ጳውሎስን ካቴድራል ሲያሠራ ደመወዙ በዓመት 200 ፓውንድ ነበር። ግንባታው ሃያ ዓመት አልፎት ሳያልቅ ሲቀር ፓርላማው እ.ኤ.አ. በ1697 የደመወዙን ግማሽ ሥራው እስኪያልቅ ያዘበት። የግንባታው ገንዘብ በአብዛኛው የሚመጣው ለንደን ከሚገባ ከሰል ላይ ከሚሰበሰብ ቀረጥ ነው። ቀረጡ ሲገባ ድንጋይ ይገዛል፣ ሲቀዘቅዝ ሥራው ይቀዘቅዛል። ሬን ከሰሉን ሊያፋጥን አይችልም፤ የሚቀጣው ግን እሱ ሆነ። የተያዘበትን ያገኘው እ.ኤ.አ. በ1711፣ የ78 ዓመት ሽማግሌ ሆኖ ነው። ደመወዝ እንደ ሪቴንሽን ሲያዝ ማየት ለእኛም እንግዳ አይደለም። «ርክክብ ሲፈጸም ቦነስ ታገኛለህ» የሚል ተስፋ የተሰጠው ሰው ርክክቡ በማን እጅ እንዳለ አስቀድሞ ይጠይቅ።

ከዚህ በኋላ ወደ ጓደኛችን ሁለት ደብዳቤዎች ተመለስን፤ የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011ንም ገለጥን። አዋጁ ለትርፍ ሰዓት ጥሩ ዋጋ ይሰጣል። ከንጋቱ 12 እስከ ምሽቱ 4 ሰዓት ባለው ጊዜ የመደበኛው አንድ ተኩል፣ ከዚያ በኋላ እስከ ንጋት 1.75፣ በሳምንት ዕረፍት ቀን እጥፍ፣ በበዓል ቀን ሁለት ተኩል። ትርፍ ሰዓቱ ራሱ በቀን ከ4፣ በሳምንት ከ12 ሰዓት እንዳይበልጥ ገድቧል። የመጀመሪያው ዓመት የዓመት ፈቃድም 16 የሥራ ቀን ነው።

ግን አንድ በር አለ። አዋጁ «የሥራ መሪ» የሆነን ሰው አይመለከትም። መቅጠር፣ ማዘዋወር፣ ማሰናበትና የመሳሰለው ሥልጣን የተሰጠው ኃላፊ ከዚህ ጥበቃ ወጥቶ በውሉና በ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ይዳኛል። ኮንክሪት ሙሌት ባለ ቀን እስከ እኩለ ሌሊት የሚቆም ፕሮጀክት ማኔጀር ትርፍ ሰዓት ልጠይቅ ቢል «አንተ እኮ ማኔጅመንት ነህ» ይባላል። ስሌቱን እንየው። የሰዓት ደመወዙ 100 ብር ነው እንበል፤ በሳምንት 10 ሰዓት ቢያመሽ በአንድ ተኩል ሲሰላ 1,500፣ በአራት ሳምንት 6,000 ብር ነው። ስለዚህ «ማኔጀር» የሚለው ቃል ብቻውን በወር 6,000 ብር ሊያስከፍለው ይችላል። ደግሞም ሕጉ የሚያየው ሥልጣኑን እንጂ የበሩን ታፔላ አይደለም። ስሙን ሰጥተው ሥልጣኑን ከነፈጉ ማዕረጉ የሚያገለግለው አሠሪውን ብቻ ነው።

ሁለተኛው ወጥመድ የደመወዙ አከፋፈል ነው። የግል ድርጅት ሠራተኛ ጡረታ 7 በመቶ ከሠራተኛው፣ 11 በመቶ ከአሠሪው ይዋጣል። የሚሰላው ግን ከመደበኛ ደመወዙ ነው፤ የበረሃ አበል፣ የትራንስፖርትና የቤት አበል አይገቡም። በእጅ 30,000 ብር ይገባል ተብሎ መደበኛው 12,000 ከሆነ አሠሪው ለጡረታ የሚያዋጣው 1,320 ብር ነው፤ መደበኛው 20,000 ቢሆን 2,200 ይሆን ነበር። ትርፍ ሰዓትም የሚሰላው ከዚሁ ነው።

ጓደኛችን ትልቁን ቁጥር በእነዚህ ዓይኖች መልሶ አየው። መደበኛ ደመወዙ ከአጠቃላዩ ግማሽ አይሞላም። ሠራተኛ የመቅጠርና የማሰናበት ሥልጣን በደብዳቤው ላይ ተጽፏል፤ ስለ ትርፍ ሰዓት ምንም የለም። የክፍያው ቀን አልተጠቀሰም። ቦነሱ ርክክብ ላይ ነው።

በማግስቱ ለሁለቱም አሠሪዎች ተመሳሳይ አራት ጥያቄ ጽፎ ላከ፦ መደበኛ ደመወዜ ስንት ነው? በየትኛው ቀን ይከፈላል? ያመሸሁበት ሰዓት እንዴት ይታሰባል? የደንበኛው ክፍያ ቢዘገይ የእኔና የሠራተኞቼ ደመወዝ ከየት ይመጣል? አንደኛው በአንድ ቀን መለሰለት፤ ለአራተኛው ጥያቄ ግን «እንደ ሁኔታው» የሚል ብቻ ነበር። ሁለተኛው ስልክ ደውሎ «ይህን ሁሉ ማን አስተማረህ?» ብሎ ከሳቀ በኋላ የክፍያውን ቀንና የትርፍ ሰዓቱን ውሉ ላይ እንዲገባ ተስማማ።

አነስተኛውን ቁጥር ያዘ። ከመካከላችን «ብር ብር ነው» ያለው ጓደኛ ዛሬም ተሳስቷል ይላል። ክርክሩ አላለቀም። እናንተስ የያዛችሁትን ውል አውጥታችሁ አራቱን ጥያቄዎች ብትጠይቁት ስንቱን ይመልሳል?