አንድ ደቂቃ የዘገየው «ተኩስ»

ኬኔዲን ማን ገደለው የሚለው ክርክር ስድሳ ዓመት አልፎታል፤ እኔም ዛሬ መልሱን ይዤ አልመጣሁም። ከዚያ ክርክር ውስጥ እኛ አገር ብዙም የማይነሳ አንድ ምዕራፍ ግን አለ። የአሜሪካ የተወካዮች ምክር ቤት አጣሪ ኮሚቴ በ1979 (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ፕሬዚዳንቱ የተገደሉት በሴራ ሳይሆን አይቀርም ብሎ በይፋ ጻፈ። የድምዳሜው ዋና ምሰሶ ድምፅ የሌለው ፊልምና ምስል የሌለው የድምፅ ቅጂ አንድ ላይ መገጣጠማቸው ነበር። በኋላ የተናደውም ይኸው ምሰሶ ነው።

ቪዲዮ ኤዲት አድርጎ የማያውቅ ሰው «ይህ ምን ይከብዳል?» ይል ይሆናል። ቃለ መጠይቅ ስንቀርጽ ካሜራው ፊት ለፊት ይቆማል፤ ጥሩው ድምፅ ግን እንግዳው ኮት ላይ ከተሰካችው ማይክ ወደ ሌላ መቅረጫ ይገባል። ሥራው ሲያልቅ እጃችን ላይ ሁለት ፋይል አለ። ካሜራው የራሱ ድምፅ አለው፤ ጥሩምባና የሰው ጫጫታ የተቀላቀለበት፣ ለአየር የማይበቃ። እሱን ግን አንጥለውም። ቀረጻው ሲጀመር አንዳችን «ጧ» አድርገን እናጨበጭባለን። ጭብጨባው ሁለቱም ፋይሎች ላይ እንደ ሹል ጫፍ ቆሞ ይታያል፤ ጫፉን ከጫፉ እናገጣጥማለን። የፊልም ሰዎች ጥቁርና ነጭ ሰሌዳ የሚያጋጩትም ለዚሁ ነው። ጭብጨባው ከተረሳ፣ የካሜራውን መናኛ ድምፅ ከጥሩው ጋር አስተያይቶ የሚያገጣጥም ሶፍትዌር አለ። ድምፁን የማጽዳት ሥራ የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ቅደም ተከተሉን ያዙልኝ።

ሌላም ጣጣ አለ። ሁለት ማሽኖች ፍጥነታቸው እኩል አይሆንም። መጀመሪያ ላይ የገጠመ ድምፅ ከአንድ ሰዓት በኋላ ከከንፈር ቀድሞ ወይም ወደ ኋላ ቀርቶ ይገኛል።

አሁን ወደ ዳላስ። ኖቬምበር 22 ቀን 1963፣ ከቀኑ 6 ሰዓት ተኩል ላይ አብርሃም ዛፕሩደር የተባለ የሴቶች ልብስ አምራች በ8 ሚሊ ሜትር ካሜራው ግድያውን ቀረጸ። 26 ሰከንድ፣ 486 ፍሬም፣ ምንም ድምፅ የለም። ድምፅ የተቀረጸው ሌላ ቦታ ነው። የዳላስ ፖሊስ ሁለት የሬዲዮ መስመር ነበረው፤ አንደኛው ለመደበኛ ሥራ፣ ሁለተኛው ለፕሬዚዳንቱ አጀብ። መስመሮቹ በሁለት የተለያዩ ማሽኖች ይቀረጹ ነበር፤ ንግግር ሲቋረጥም ማሽኖቹ ይቆማሉ። በዚያች ሰዓት ግን የአንድ ሞተረኛ ፖሊስ ማይክ ተከፍቶ ቀረና ከአምስት ደቂቃ በላይ የሞተር ጩኸት በአንደኛው መስመር ላይ ሲያስተላልፍ ቆየ።

ኮሚቴው ይህን ቅጂ ለድምፅ ሳይንስ ባለሙያዎች ሰጠ። በጆሮ ሲሰማ ተኩስ የሚባል ነገር የለበትም። ባለሙያዎቹ የሞተሩን ጩኸት በማጣሪያ ቀነሱና ሹል ሹል ጫፎችን ለቀሙ። ኦገስት 1978 ላይ ግድያው የተፈጸመበት ዲሊ ፕላዛ ድረስ ሄደው፣ በመንገዱ ዳር ማይክሮፎን ደርድረው፣ ጥይት አስተኩሰው የገደል ማሚቶውን መዘገቡ፤ ከድሮው ቅጂ ጋርም አስተያዩት። የቡድኑ መሪ ጄምስ ባርገር፣ ከሣራማው ጉብታ በኩል ሌላ ጥይት የመተኮሱ ዕድል 50 በመቶ ነው አለ። ማርክ ዋይስና ኧርነስት አሽኬናዚ የተባሉ ሁለት ባለሙያዎች ሒሳቡን አጥብቀው ሠሩና 95 በመቶ ወይም ከዚያ በላይ አደረሱት። ኦስዋልድ ከኋላ፣ ሌላ ሰው ከፊት ማለት ነው። ሴራ አላገኘሁም ወደሚል ረቂቅ ሲያመራ የነበረው ኮሚቴ በመጨረሻዎቹ ሳምንታት መንገዱን ቀየረ። አንዳንድ አባላቱ ተቃውሟቸውን በጽሑፍ አስመዘገቡ።

ከዚያ በኋላ የተሠራው የኤዲተር ሥራ ነው። ከጫፎቹ አንዱ፣ ዛፕሩደር ፊልም ላይ የፕሬዚዳንቱ ጭንቅላት ሲመታ ከሚታይበት ከፍሬም 312 ገደማ ጋር ተገጣጠመ። የቀሩትም ቦታ ቦታቸውን የያዙ መሰሉ። ግን የጭብጨባው ቦታ ባዶ ነበር። ቅጂው ላይ የነበረው የጊዜ ምልክት የሬዲዮ ኦፕሬተሮቹ አልፎ አልፎ የሚጠሩት ሰዓት ነው፤ እሱም በደቂቃ እንጂ በሰከንድ አይቆጠርም። ማይኩ ያንተ ነው የተባለው ሞተረኛም ቅጂውን ከሰማ በኋላ አልተቀበለውም። እሱ ከተኩሱ በኋላ ሳይረን እያስጮኸ ከአጀቡ ጋር ወደ ሆስፒታል በርሯል፤ ቅጂው ላይ ግን ሳይረን የሚሰማው ከሁለት ደቂቃ ያህል በኋላ ነው፤ ያውም መጥቶ እንደሚያልፍ ሆኖ።

ጭብጨባውን ያገኘው ሳይንቲስት አይደለም። በ1979 አንድ መጽሔት ቅጂውን በስስ ፕላስቲክ ሸክላ አትሞ ለአንባቢዎቹ አደለ። ኦሃዮ ውስጥ የሚኖር ስቲቭ ባርበር የሚባል ድራም መቺ ሸክላውን እየደጋገመ ሰማው። ተኩስ ነው በተባለበት ቦታ፣ ከሞተሩ ጩኸት ሥር፣ የሰው ድምፅ ሹክ ይላል። የዳላሱ ሸሪፍ ቢል ዴከር ነው፤ መርማሪዎች እስኪደርሱ ሁሉም ነገር ተጠብቆ ይቆይ እያለ ያዛል። ትእዛዙን የሰጠው በሁለተኛው መስመር ነበር፤ ሾልኮ ግን አንደኛው ላይም ተቀርጿል። አንድ ድምፅ በሁለት ማሽን ላይ ማለት ነው። ከዚህ የተሻለ ጭብጨባ ከየት ይመጣል? ደግሞስ ሰው ሳይገደል መርማሪ ማን ይጠራል?

በሃርቫርዱ የፊዚክስ ሊቅ በኖርማን ራምዚ የተመራው የብሔራዊ የሳይንስ አካዳሚ ቡድን ሹክሹክታውን በመሣሪያ መረመረው፤ የሁለቱን ማሽኖች ፍጥነት አስተካክሎ አገጣጠማቸው። በ1982 ውጤቱን አወጣ፦ ተኩስ የተባሉት ጫፎች የተቀረጹት ከግድያው አንድ ደቂቃ ያህል በኋላ ነው። ጫፎቹ ምንም ይሁኑ ምን፣ ኬኔዲን የመታው ጥይት ሊሆኑ አይችሉም።

እኔን የሚያስገርመኝ ያ ሹክሹክታ የተገኘው «ጫጫታ» ከሚባለው ውስጥ መሆኑ ነው። ዛሬ በየስልካችን ባለው የድምፅ ማጽጃ ያን ቅጂ ብናሳልፈው፣ መጀመሪያ የሚጠፋው እሱ ይመስለኛል።

ክርክሩ አልሞተም። በ2001 ዶናልድ ቶማስ የተባለ ተመራማሪ ሌላ ሾልኮ የገባ ንግግርን መነሻ አድርጎ «ተኩሶቹ በሰዓታቸው ናቸው» ሲል ጻፈ፤ በ2005 ራምዚና ባልደረቦቹ መልስ ሰጡት። ለእኔ የራምዚ ወገን ይበልጥ ያሳምናል። የቶማስ ጥያቄ ግን ተገቢ ነው፤ የትኛውን ጭብጨባ እንመን?

በየቀኑ የሚደርሱን የግጭትና የተኩስ ቪዲዮዎችም ይህንኑ ጥያቄ ይዘው ይመጣሉ። ከሁለት ስልክ የተወሰደ ምስል ላይ ከሦስተኛው የተወሰደ ድምፅ ተለጥፎ «ማን ቀድሞ ተኮሰ» ይባላል። ድምፅ በሰከንድ 340 ሜትር ያህል ነው የሚጓዘው፤ 340 ሜትር ርቆ የቆመ ስልክ ተኩሱን በአንድ ሰከንድ ዘግይቶ ይሰማዋል። ማን ቀደመ ለሚለው ክርክር አንድ ሰከንድ ከበቂ በላይ ነው። ስለዚህ «ሲንክ አድርገነዋል» ያለን ሰው በምን ምልክት እንዳገጣጠመው ይንገረን፤ ያልጸዳውን ፋይልም አብሮ ያስቀምጥልን። ድምፁ ጥርት ማለቱ ለዚህ ጥያቄ መልስ አይሆንም።

የአሜሪካ ፍትሕ ሚኒስቴር በ1988 ሴራ መኖሩን የሚያሳምን ማስረጃ የለም ብሎ ፋይሉን ዘጋው። የ1979ኙን ሪፖርት የጻፈው ኮሚቴ ግን ያኔ ከተበተነ ቆይቶ ነበር። ሪፖርቱ ውስጥ ያለው «ሴራ» የሚለው ቃል ዛሬም እንደተጻፈ አለ።