የታይላንድ የመስተዋት ጥበብ



አንድ ሕዝብ ከአባቶቹ የሚወርሰው ሀብት ሁለት ዐይነት ነው። አንደኛው በዐይን የሚታየው ሕንጻ ሲሆን፣ ሁለተኛው ሕንጻውን ያስገኘው የእጅ ሞያ ነው። የመጀመሪያው ቆሞ ሳለ ሁለተኛው ሊሞት እንደሚችል የታይላንድ ታሪክ ያስረዳናል። የምንጠቅሳቸው ዓመታት እንደ ኤውሮጳውያን አቈጣጠር ናቸው።

ቀድሞ ሲያም ትባል የነበረችው ይህች አገር፣ ዋና ከተማዋ አዩታያ በ1767 ዓ.ም. በበርማ ጦር ጠፋችባት። ከዚያ በኋላ ቀዳማዊ ራማ የተባሉት ንጉሥ በ1782 ዓ.ም. ባንኮክን መናገሻ አደረጉ። በቤተ መንግሥታቸውም ቅጥር ውስጥ ዋት ፍራ ኬው የተባለውን የቡድሃ ቤተ መቅደስ አሠሩ። ይህ ሕንጻ ቀለማቸው በተለያየ ጥቃቅን የመስተዋት ቍራጮች ስላጌጠ፣ ፀሐይ ሲያርፍበት እንደ ዕንቍ ያብለጨልጫል።

የጥንቱ መስተዋት ክራቾክ ክሪያፕ ይባላል። እጅግ ስስ ከመሆኑም በላይ ጀርባው እርሳስ በተባለው ማዕድን ስለሚለበጥ፣ እንደ ጨርቅ በመቀስ ይቈረጣል፤ በጐበጠውም ቅርጽ ላይ ተለምጦ ይተኛል። ጠቢቡም ከዛፍ በሚወጣ ጥቍር ሙጫ አንድ በአንድ ያጣብቀዋል። እንዲህ ያለውን ጌጥ የሚሠሩት ቻንግ ሲፕ ሙ፣ ማለት ዐሥሩ የጠቢባን ክፍሎች፣ በቤተ መንግሥት ሥር የተደራጁ ስለ ነበሩ ሞያው የመንግሥት አገልግሎት ነበር።

ዳሩ ግን የፋብሪካ መስተዋት እየበዛ ሲሄድ፣ ስሱን መስተዋት የማቅለጡ ጥበብ ተረሳ። ቤተ መቅደሱ ባንኮክ 100ኛ፣ 150ኛና 200ኛ ዓመቷን ባከበረችባቸው በ1882፣ በ1932 እና በ1982 ዓ.ም. ታድሷል። ሆኖም ሕንጻን ማደስና ሞያን ማደስ አንድ አይደሉም። የፋብሪካው መስተዋት ወፍራምና ግትር ስለ ሆነ፣ የቀድሞውን ልስላሴ ሊተካ አይችልም።

በቅርብ ዓመታት የአገሩ ጠቢባን የጥንቱን ስብርባሪ መርምረው፣ ቅልቅሉንና የእሳቱን መጠን ደጋግመው ፈትነው፣ ስሱን መስተዋት እንደ ገና ለመሥራት በቅተዋል። አባቶቻቸው በቃልና በእጅ ያስተላልፉት የነበረውን ትምህርት፣ እነርሱ ከስባሪ ላይ ማንበብ ግድ ሆነባቸው።

እንግዲህ የመንግሥት ሥራ በእጅህ ያለ አንባቢ ሆይ፤ ለእድሳት በጀት ሲያዝ ለዕቃው ብቻ ሳይሆን፣ ከሽማግሌው ባለሞያ አጠገብ ተቀምጦ ለሚማረው ወጣትም ድርሻ መኖሩን ተመልከት። ደቀ መዝሙር ሳያፈሩ ሕንጻ ማቆየት፣ ለመጪው ትውልድ ቍልፉ የጠፋ ሣጥን ማውረስ ነው።