ከየካቲት 1966 ያደሩ ጥያቄዎች፦ ሚያዝያ 23 እና የሠራተኛው መብት ዛሬ

የካቲት 28 ቀን 1966 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ሠራተኞች አንድነት ማኅበር (ኢሠአማ) በአገሪቱ ታሪክ የመጀመሪያውን አጠቃላይ የሥራ ማቆም አድማ ጠራ። አድማው ለቀናት ዘልቆ፣ ሥልጣን ከያዘ ሳምንት እንኳ በቅጡ ያልሞላውን የጠቅላይ ሚኒስትር እንዳልካቸው መኮንንን ካቢኔ ለድርድር አስቀመጠ። ማኅበሩ ካነሣቸው ጥያቄዎች ሁለቱ ዛሬም መልስ ይጠብቃሉ፦ የዝቅተኛ ደመወዝ ወለል ይወሰን፤ የመንግሥት ሠራተኞች የመደራጀት መብት ይከበር። ከዚያ ወዲህ ዘውዱ ወድቋል፣ ደርግ መጥቶ ሄዷል፣ አዲስ ሕገ መንግሥት ጸድቋል፣ የአሠሪና ሠራተኛ ሕጉም አራት ጊዜ እንደ አዲስ ተጽፏል። ሚያዝያ 23፣ የሠራተኞች ቀን፣ በዚህ አገር ያለው ትርጉም መመዘን ያለበት በእነዚህ ሁለት ጥያቄዎች ነው ብዬ አምናለሁ።

ቀኑ ራሱ የተወለደው ከአንድ ግልጽ ጥያቄ ነው። እ.ኤ.አ. ሜይ 1 ቀን 1886 በአሜሪካ በመቶ ሺዎች የሚቆጠሩ ሠራተኞች የሥራ ቀን ከስምንት ሰዓት እንዳይበልጥ ጠይቀው ሥራ አቆሙ። ከሦስት ቀን በኋላ በቺካጎ፣ በሄይማርኬት አደባባይ ቦምብ ፈነዳ። ወርዋሪው ማን እንደሆነ ሳይታወቅ አራት ሰዎች በቀጣዩ ዓመት ተሰቀሉ። በ1893 የኢሊኖይ ገዥ ጆን አልትጌልድ ችሎቱ ፍትሕ የጎደለው እንደነበር ገልጸው በዚሁ ክስ ተፈርዶባቸው በእስር የቀሩትን ሦስት ሰዎች በምሕረት ለቀቁ። በ1889 ፓሪስ ላይ የተሰበሰቡት ሶሻሊስቶች ሜይ 1ን የስምንት ሰዓት ጥያቄ የሚስተጋባበት የሰልፍ ቀን አደረጉት። የዓለም ሥራ ድርጅት በ1919 ያወጣው የመጀመሪያው ስምምነትም የኢንዱስትሪ ሥራን በቀን በ8፣ በሳምንት በ48 ሰዓት የሚወስን ነበር። የእኛው አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ይህንኑ ልክ ይዟል።

በኢትዮጵያ መደራጀቱ ከበዓሉ ቀድሟል። የድሬዳዋ የምድር ባቡር ሠራተኞችና የወንጂ ስኳር ፋብሪካ ሠራተኞች ሕግ ሳይፈቅድላቸው ተሰባስበዋል፤ የወንጂዎቹ መጠለያ የመረዳጃ ማኅበር ስም ነበር። በ1955 ዓ.ም. ኢሠአማን፣ በ1956 ዓ.ም. ደግሞ የመጀመሪያውን የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ያስገኘው ይህ ዓይነቱ ከታች የመጣ ግፊት ነው። አዋጁ 50 ሠራተኛ በሌለበት ድርጅት ማኅበር አይቋቋምም ይል ስለነበር የአብዛኛውን ሠራተኛ በር ዘግቶ ነበር የተወለደው።

ሚያዝያ 23 ሕዝባዊ በዓል የሆነው በደርግ ዘመን ነው። ደርግ ለሠራተኛው ቀን ሰጠ፤ የገዛ ድርጅቱን ግን ነጠቀው። ኢሠአማ ፈርሶ በ1969 ዓ.ም. መላው ኢትዮጵያ ሠራተኛ ማኅበር በምትኩ ቆመ። በዚያው ዓመት ሚያዝያ 21፣ በዓሉ ሁለት ቀን ሲቀረው፣ በአዲስ አበባ ቀኑን በራሳቸው መፈክር ሊያከብሩ የተዘጋጁ በመቶዎች የሚቆጠሩ ወጣቶች ተገደሉ። የዚያ ትውልድ እናቶች ይህን ቀን እንደ በዓል አያስታውሱትም። ስለ ሠራተኞች ቀን የሚጻፍ ማንኛውም የኢትዮጵያ ታሪክ ይህን ግድያ አልፎ መሄድ የለበትም።

ሕጉ ወደፊት አልሄደም ማለቴ አይደለም። በ1156/2011 መሠረት ዐሥር ሠራተኞች ካሉ ማኅበር ማቋቋም ይቻላል፤ የወሊድ ፈቃድ ከወሊድ በፊት 30፣ ከወሊድ በኋላ 90 ቀን ነው፤ የመጀመሪያው ዓመት የዓመት ፈቃድ 16 የሥራ ቀን ነው። በሕዝብ በዓል የሠራ ሰው ለእያንዳንዱ ሰዓት እጥፍ ይከፈለዋል። ሚያዝያ 23 ቀን በር ሲጠብቅ የሚውለው ዘበኛም ይህ እጥፍ ይገባዋል። ነገር ግን የስንት ብር እጥፍ? ሕጉ እዚህ ላይ ዝም ይላል።

አዋጁ የመንግሥት፣ የአሠሪዎችና የሠራተኞች ተወካዮች ያሉበት የደመወዝ ቦርድ እንዲቋቋምና ዝርዝሩን የሚኒስትሮች ምክር ቤት በደንብ እንዲወስን ደንግጓል። የኢትዮጵያ ሠራተኛ ማኅበራት ኮንፌዴሬሽን (ኢሠማኮ) ይህ እንዲፈጸም በተደጋጋሚ ጠይቋል፤ በግል ዘርፍ ግን የደመወዝ ወለል የለም። መንግሥት ለራሱ ሠራተኞች የደመወዝ መነሻ አለው፤ በ2017 ዓ.ም. ዝቅተኛውን ከ1,100 ወደ 4,760 ብር አሳድጓል። ከገቢ ግብር ነፃ የሆነው ወርኃዊ ገቢም በዚያው ዓመት ከ600 ወደ 2,000 ብር ከፍ ብሏል። መንግሥት በራሱ ቤት የኑሮ ውድነቱን አይቶ መነሻ ማስቀመጥ ከቻለ፣ ለፋብሪካ ሠራተኛዋ አይቻልም የሚለው ክርክር በምን ይቆማል?

በተደጋጋሚ የሚሰጠው መልስ ወለል ከተበጀ ባለሀብት ይሸሻል የሚል ነው። በ2008 ዓ.ም. የተመረቀው የሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ ይህን ሐሳብ ፈትኖታል። የኒው ዮርክ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2019 ባወጡት ጥናት በፓርኩ የመነሻ ደመወዝ በወር 26 ዶላር እንደነበር መዝግበዋል፤ በዚያው ንጽጽር ባንግላዴሽ 95፣ ኬንያ 207 ዶላር ነበሩ። ውጤቱ የረጋ ኢንዱስትሪ አልነበረም። ፋብሪካዎቹ በአማካይ በአንድ ዓመት ውስጥ ሠራተኛቸውን በሙሉ እስከ መተካት ደርሰዋል። ከሲዳማ ገጠር የመጣች ልጅ የቤት ኪራይና ምግብ ከፍላ ለቤተሰብ የምትልከው ከሌላት ለመቆየት ምክንያት የላትም፤ አሠሪውም አሠልጥኖ ያጣታል። ኋላም የትግራዩን ጦርነት ተከትሎ የአሜሪካ ከቀረጥ ነፃ የገበያ ዕድል (አጎዋ) ሲታገድ፣ የፓርኩ ዋነኛ ኩባንያ ፒ.ቪ.ኤች. ቀድሞ ለቆ ወጣ። ርካሹ ጉልበት አላቆየውም። ወለሉ በጥንቃቄ፣ በየዘርፉ አቅም ሊሠራ ይችላል፤ ደቡብ አፍሪካ እ.ኤ.አ. በ2019 ብሔራዊ ዝቅተኛ ደመወዝ ስትጀምር የእርሻና የቤት ሠራተኞችን ዝቅ አድርጋ ጀምራ፣ በ2022 የቤት ሠራተኞችንም ከአጠቃላዩ ወለል ጋር አስተካክላለች።

ሁለተኛው የ1966 ጥያቄ የመንግሥት ሠራተኛው የመደራጀት ጉዳይ ነው። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 42 የመደራጀት መብቱን ያውቅለታል፤ የሚያስፈጽም ሕግ ግን አልወጣለትም። በግንቦት 2017 ዓ.ም. የመንግሥት ሆስፒታል ጤና ባለሙያዎች የደመወዝ ጥያቄ አንሥተው በከፊል ሥራ ሲያቆሙ በስማቸው ከመንግሥት ጋር በሕግ የሚደራደር ሠራተኛ ማኅበር አልነበራቸውም። ብዙዎች ታሠሩ። ጠረጴዛ በሌለበት ያለው ምርጫ ዝምታ ወይም ግጭት ነው፤ በዚህም ሐኪሙም ሕመምተኛውም ይጎዳሉ።

ሌላም አለ፤ በ1966ቱ ዝርዝር ጎልቶ ያልታየ። የቤት ሠራተኞች ከአሠሪና ሠራተኛ አዋጁ ውጪ ናቸው፤ ሁኔታቸው በሚኒስትሮች ምክር ቤት ደንብ ይወሰናል ተብሎ ለአሥርት ዓመታት ቆይቷል። በሌላ በኩል የውጭ አገር ሥራ ስምሪት አዋጅ ቁጥር 923/2008 ወደ ሳዑዲ ዓረቢያ ወይም ወደ ሌላ አገር ለምትሄደው እህታችን የጽሑፍ ውልና የሁለትዮሽ ስምምነት ይጠይቃል። መጠየቁ ትክክል ነው። ነገር ግን ከሪያድ አሠሪ የምንጠይቀውን ከአዲስ አበባው አሠሪ፣ ማለትም ከራሳችን፣ ለመጠየቅ አልደፈርንም።

የሚኒስትሮች ምክር ቤት የደመወዝ ቦርዱንም የቤት ሠራተኞቹንም ደንብ ማውጣት ይችላል፤ ሥልጣኑን አዋጁ ሰጥቶታል። ይህን ጽሑፍ ከሚያነቡት ብዙዎቹም በቤታቸው ሠራተኛ አለች። ደንቡን ሳትጠብቁ ውል ጻፉላት፤ የሳምንት ዕረፍቷን ስጧት፤ ሚያዝያ 23 ቀን ካሠራችኋትም የቀኑን እጥፍ ክፈሏት።