አንቀልባ ላይ የተሰፋው ባሕር

ሲሪንቃ ወሎ ውስጥ፣ በወልድያና በመርሳ መካከል፣ ከባሕር ወለል በላይ 1850 ሜትር ያህል ከፍ ብላ ትገኛለች። የማሽላ አገር ናት፤ በግብርና ምርምር ማዕከሏም ትታወቃለች። ባሕር ግን በሩቁም አይታያት። ይሁንና በወሎ ገጠር አሮጌ አንቀልባ ገልጦ ያየ ሰው ጠርዙ ላይ ተሰድሮ የሚያገኘው ነጭ ዛጎል የባሕር ነው።

ዛጎልን ብዙዎቻችን እንደ ጨሌ አንድ የዶቃ ዓይነት አድርገን ቆጥረን ነው ያደግነው። ቤት ነው እንጂ፤ የባሕር ቀንድ አውጣ ቤት። እንስሳው ከቀይ ባሕርና ከሕንድ ውቅያኖስ እስከ ፓሲፊክ፣ ሞቃትና ጥልቀት በሌለው ውሃ ይኖራል። ልጅ ሳለ ቅርፊቱ ስስና ጠመዝማዛ ነው። ሲጎለምስ ከንፈሩን ወደ ውስጥ አጥፎ ጥርስ ያወጣል። ያ የሚያምር ልስላሴው የሰው እጅ ያመጣው አይደለም፤ ስስ ሥጋው ከግራና ከቀኝ ወጥቶ ቅርፊቱን ሲሸፍነውና ሲለብጠው ስለሚኖር ነው።

የተፈጥሮ ተመራማሪው ሊኒየስ እ.ኤ.አ. በ1758 ለአንዱ ዝርያ «ሞኔታ» የሚል ስም ሰጠው፤ በላቲን ገንዘብ ማለት ነው። እውነትም ገንዘብ ነበር። ተጓዡ ኢብን ባቱታ በ14ኛው ክፍለ ዘመን ማልዲቭስ ውስጥ ሲለቀም አይቶ፣ በማሊ ደግሞ 1150ው በአንድ የወርቅ ዲናር ሲመነዘር ማየቱን ጽፏል።

በእኛ ደጋ የመገበያያው ሥራ የአሞሌ ጨው ነበር። አሞሌው ከአፋር ዝቅተኛ ምድር ተቆርጦ በግመልና በአህያ ይወጣ ነበር፤ ጨው ስላለ ዛጎል ለመገበያያ አላስፈለገም። ስለዚህ ዛጎል ሌላ ቦታ አገኘ፤ የእናት ጀርባ ላይ፣ ከሕፃኑ አጠገብ።

አሰፋፉ ደስ ይለኛል። ጉብ ያለው ጀርባው ተፍቆ ይነሣና ዛጎሉ ቆዳው ላይ ልጥፍ ይላል፤ ክሩም በቀዳዳው ያልፋል። ለእኛ የሚታየን እንግዲህ እንስሳው በሕይወት ሳለ ድንጋይ ላይ አስተኝቶት የኖረው ሆዱ ነው። ጥርሳሙ ስንጥቅ የተከደነ ዓይን ይመስላል፤ በብዙ አገር ከክፉ ዓይን ይጠብቃል ተብሎ የታመነውም ለዚህ ይመስለኛል።

አሁን ሕፃን በፎጣና በነጠላ ይታዘላል። አንቀልባው ሣጥን ውስጥ ቀርቷል፤ አንዳንዱም ለቅርስ ነጋዴ ይሸጣል። በሲሪንቃም ሆነ በወልድያ እናት ወይም አያት ያላችሁ፣ ከመሸጡ በፊት አንድ ቀን አውጡትና ዛጎሉን ማን እንደሰፋው፣ ከየትኛው ገበያ እንደተገዛ ጠይቋቸው። የሚነግሯችሁንም ጻፉት።