ገበጣ በስሜን ግርጌ፤ ያለ መምህር ስለሚተላለፍ ዕውቀት

የጨዋታን ታሪክ ለመጻፍ የሚነሣ ሰው የሚገጥመው ችግር የነገሥታትን ታሪክ ከሚጽፈው ሰው ችግር የተለየ ነው። ንጉሥ ዜና መዋዕል ጸሓፊ አለው፤ እረኛ በግጦሽ ሜዳ ላይ የሚቈፍረው ገበጣ ግን ክረምት ሲገባ በዝናብ ይደመሰሳል። ስለዚህ በዳባት፣ በደባርቅና በስሜን ተራሮች ግርጌ ልጆች ገበጣን እንዴት እንደሚማሩ ለመረዳት የሚሻ ሰው ማስረጃውን ከጨዋታው ከራሱ አሠራር መፈለግ ግድ ይሆንበታል።

ማርሴል ግሪዮል ስለ ኢትዮጵያ ጨዋታዎች የጻፉትን መጽሐፍ በ1935 ዓ.ም. (እንደ ኤውሮፓውያን አቈጣጠር) በፓሪስ አሳተሙ። ሪቻርድ ፓንክረስትም በ1971 ስለ ገበጣና ስለ መሰሎቹ ሰፊ ጥናት አወጡ። ከዚህ ጥናት እንደምንረዳው ገበጣ አንድ ወጥ ጨዋታ አይደለም። አንዱ ስፍራ በሁለት ተርታ ዐሥራ ሁለት ጉድጓድ ቈፍሮ በ48 ጠጠር ይጫወታል፤ ሌላው በሦስት ተርታ ዐሥራ ስምንት ጉድጓድ አድርጎ በ54 ይጫወታል፤ የመብላቱም ሕግ እንዲሁ ይለያያል። ይህን መለያየት የደንብ መበላሸት አድርጎ የሚገምት አይጠፋም። እኛ ግን የአማማሩ ምስክር ነው እንላለን። መምህርና ጉባኤ ያለው ቅኔ እንኳ የዋድላ፣ የጎንጅ፣ የዋሸራ ተብሎ ከተለያየ፣ ደንቡ በተጫዋቾቹ ስምምነት ብቻ የሚጸና ገበጣ ቢለያይ ምን ያስደንቃል?

ደንቡስ በአንድ ቀን ይያዛል፤ የሚያስቸግረው ስልቱ ነው። በብዙው አጨዋወት የመጨረሻዋ ጠጠር ጠጠር ካለበት ጉድጓድ ስትወድቅ ተጫዋቹ ያን ሁሉ አፍሶ ዙሩን ይቀጥላል፤ እጁ የት እንደሚያርፍ አስቀድሞ ማስላት በቃል ሊነገር የማይመች ጥበብ ነው። ጀማሪው ከተጫዋቾቹ አጠገብ ተቀምጦ ያያል፤ ከዚያም ይጫወትና ጉድጓዱ ባዶ ይቀራል። አሸናፊው ምክንያቱን አያስረዳውም፤ የሚያስተምረው እጁ ነው። ይሁን እንጂ ባላጋራ ያወቀው ስልት ስልት መሆኑ ይቀራል። ከወንድሙ ጋር ብቻ የሚጫወት ልጅ የወንድሙን ልማድ እንጂ ገበጣን አይማርም፤ ከሌላ መንደር የመጣ እረኛ ያስፈልገዋል። ይህንም የሚያገናኘው የጋራው ግጦሽ ነው።

በ2008 ዓ.ም. የግጭ መንደር ነዋሪዎች ከስሜን ብሔራዊ ፓርክ ወጥተው በደባርቅ ሰፈሩ። ስለ ዱር አራዊቱ ጥበቃና ስለ ካሣው ብዙ ተጽፏል፤ ልጆቹ በግጦሽ ሜዳ ስለ ነበራቸው ጉባኤ ግን ማን አነሣ? ደንቡን መመዝገብ ብቻውን አይበቃም። በዚያ ሜዳ ያደጉ ሰዎች ከየትኛው መንደር ልጆች ጋር ይጫወቱ እንደ ነበር፣ ማን ያሸንፋቸው እንደ ነበር፣ ከአሸናፊውም ምን እንደ ወሰዱ ዛሬ ደባርቅ ላይ ተጠይቀው ሊጻፍ ይገባል።